«ጣሊያን የሠራው» የሚባለው የደሴ መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በኮምቦልቻና በደሴ አድርጎ፣ ወልድያንና ማይጨውን አልፎ መቀሌ፣ ከዚያም በአዲግራት በኩል ወደ አስመራ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ስሙ በተነሣ ቁጥር «ጣሊያን የሠራው» የሚል ቅጽል ይከተለዋል። የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን ይህን አባባል ይሞግታል።

መስመሩ ከአስፋልቱ በዕድሜ ይበልጣል። በ1888 ዓ.ም የዐፄ ምኒልክ ጦር ወደ ዐድዋ ሲዘምት አሸንጌን፣ አምባላጌንና መቀሌን አልፏል፤ የዛሬው መኪናም የሚያልፈው በእነዚሁ ቦታዎች ነው። አዲስ አበባንና ደሴን የሚያገናኘው የመኪና መንገድም ከጣሊያን ወረራ በፊት ተከፍቶ ነበር። ለዚህ ምስክሩ ወራሪው ራሱ ነው። የጣሊያን ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም ከደሴ ወደ ዋና ከተማዋ ሲገሠግሥ ከ1,500 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ ነበር። ያን ሁሉ ካሚዮን በገደልና በዱር አላሳለፈውም። በደብረ ሲና አጠገብ ጣርማ በር ላይ ጉዞው የተገታውም ኢትዮጵያውያን መንገዱን ስላፈረሱበት ነው፤ የሚፈርስ መንገድ ባይኖር ደግሞ የሚጠገን ባልተገኘ ነበር።

«ያ መንገድ ጭቃ አልነበረም ወይ?» የሚል አድማጭ አይጠፋም። ነበር። ዝናብ ሲጥል የባዶሊዮ ወታደሮች መኪናቸውን በትከሻቸው ይገፉ ነበር። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የጣርማ በርን ተራራ የበሳው ዋሻ የጣሊያን መሐንዲሶች ሥራ ስለመሆኑም ክርክር የለንም። ዋሻውንና አስፋልቱን ለምን ሠሩ ከተባለ ግን መልሱ አያሻማም፦ የአርበኞችን አገር በጦር ለመቆጣጠር ነው። ለዚሁ የጦር መንገድ የአገሬው ሰው ጉልበትም ገብቶበታል። ጎዳናው ለሠሪው ታማኝ ሆኖ አለመቅረቱ ደግሞ ፈገግ ያሰኛል፤ በ1933 ዓ.ም ጣሊያንን የሚወጋው የደቡብ አፍሪካ ጦር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዚያው መንገድ ወደ ሰሜን ዘለቀ፣ ኮምቦልቻ ላይ ድል አድርጎ ደሴን ያዘ። በግንቦትም የጣሊያን እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን አምባላጌ ላይ እጁን ሰጠ።

ክርክሩ ቢበረታ እንኳ ጣሊያን በመንገዱ ላይ የቆየው አምስት ዓመት ብቻ ነው። በተራራ ላይ ያለ መንገድ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ይናዳል፣ ውኃ ይሸረሽረዋል። ጥገና ያጣው ይህ ጎዳናም ከነጻነት በኋላ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። በ1943 ዓ.ም ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ናዳ የጠረጉት፣ ድንጋይ የፈለጡት፣ ቦይ የከፈቱትና ግሬደር የነዱት የኢትዮጵያ ሠራተኞች ናቸው። ጣሊያኖቹ ሥራቸውን በፎቶግራፍና በድንጋይ ጽሑፍ አስቀርተዋል፤ የእነዚህ ሰዎች ድካም ግን እምብዛም አልተጻፈም። አባታችሁ ወይም አያታችሁ በአውራ ጎዳና ሠርተው ከሆነ፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ካምፕ፣ ምን እንደሠሩ ጠይቃችሁ ጻፉልን።