የአንጋፋ አትሌቶች ሥልጠና

የአንጋፋ አትሌቶች ሥልጠና ዕድሜያቸው ሠላሳዎቹን ያጋመሰና ከዚያም ያለፈ ፕሮፌሽናል ስፖርተኞች በከፍተኛ ደረጃ መወዳደራቸውን እንዲቀጥሉ የሚዘጋጅ የልምምድ፣ የዕረፍትና የአመጋገብ ሥርዓት ነው። በዓለም አቀፍ አትሌቲክስ የማስተርስ ምድብ ከ35 ዓመት ይጀምራል። የሥልጠናው ዓላማ ልምምድን በደፈናው መቀነስ ሳይሆን ዕድሜ የሚያዳክመውን ለይቶ መንከባከብ ነው። በኢትዮጵያ ይህ በይበልጥ የታየው በረጅም ርቀት ሯጮች ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሰውነት ላይ የሚታዩ ለውጦች

ከ30 ዓመት አካባቢ ጀምሮ ሰውነት ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን ይቀንሳል። ስፖርት በማይሠሩ ሰዎች ቅናሹ በየ10 ዓመቱ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል፤ ጠንክረው ልምምዳቸውን በቀጠሉት ዘንድ ግን ያነሰ ነው። አንዱ ምክንያት ከፍተኛው የልብ ምት መውረዱ ሲሆን፣ ይህን ሥልጠና ሊያስቀረው አይችልም። ለፍጥነት የሚያገለግሉት የጡንቻ ክሮች ቀድመው ይሳሳሉ። ጅማቶችም ከተጎዱ ቶሎ አይድኑም። በአንጻሩ ሯጩ በአንድ በተወሰነ ፍጥነት ሲሮጥ የሚያወጣው ጉልበት ብዙም አይጨምርም። ስለዚህ ማራቶን ከአጫጭር ርቀቶች ይልቅ ዕድሜን ይታገሣል።

የሥልጠናው ይዘት

ልምምድ፦ ፈጣን ልምምዶች አይቀሩም፤ በመካከላቸው ያሉት የቀላል ሩጫና የዕረፍት ቀናት ግን ይበዛሉ። የሳምንቱ ጠቅላላ ኪሎ ሜትርም ሊቀነስ ይችላል። የዳገት ሩጫ በሜዳ ላይ ከሚደረግ የፍጥነት ሩጫ ያነሰ ግጭት በእግር ላይ ስለሚያሳርፍ ይመረጣል። የአዲስ አበባ ሯጮች በሚያዘወትሩት የእንጦጦ ደን ለስላሳው አፈርና ዳገቱ ለዚህ ይስማማሉ።

ጉልበት፦ ክብደት ማንሳትና የባት፣ የጭንና የወገብ ማጠንከሪያ ልምምዶች የጡንቻን መሳሳት ያዘገያሉ። ወጣት ሯጭ ሊያልፋቸው ቢችልም ለአንጋፋው ግን የሳምንቱ ቋሚ ክፍል ናቸው።

ምግብ፦ በዕድሜ የገፋ ጡንቻ ለፕሮቲን የሚሰጠው ምላሽ ስለሚቀንስ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ በቂ ፕሮቲን ያስፈልጋል። በጾም ወቅት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ስለሚቀሩ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ በብዛት መበላት አለባቸው።

ጉዳት፦ የጠፋ ብቃት ለመመለስ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ልምምድን ሙሉ በሙሉ ማቆም አይመከርም። ጉዳቱ እስኪድን ብስክሌትና ዋና ሩጫውን ይተካሉ።

በኢትዮጵያ

ማሞ ወልዴ በ1956 የሜልቦርን ኦሊምፒክ በ800 እና በ1500 ሜትር ተወዳደረ። ከ12 ዓመት በኋላ በሜክሲኮ ሲቲ በ36 ዓመቱ የማራቶን ወርቅ፣ በ1972 በሙኒክ ደግሞ በ40 ዓመቱ ነሐስ አገኘ። ርቀትን እያሳደጉ የሙያ ዘመንን የማራዘሙን መንገድ ሌሎችም ተከትለውታል። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከትራክ ወደ ጎዳና ተሻግሮ በ2008 በበርሊን በ35 ዓመቱ 2:03:59 በመግባት የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ደራርቱ ቱሉ በ2009 በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ቀነኒሳ በቀለ ከተደጋጋሚ ጉዳት በኋላ በ2019 በበርሊን 2:01:41 ሮጠ፤ ይህም ከዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ ብቻ የዘገየ ነበር። በ2024 በለንደን በ41 ዓመቱ ሁለተኛ ሲወጣ የሮጠው 2:04:15 ከ40 ዓመት በላይ ባሉ ሯጮች ዘንድ አዲስ ክብረ ወሰን ሆነ።

የዕድሜ መዝገብ ችግር

ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይ በገጠር የተወለዱት፣ የልደት ምዝገባ ሳይደረግላቸው አድገዋል። «ማርሽ ቀያሪው» ምሩጽ ይፍጠር በ1980 በሞስኮ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቆችን ሲወስድ ትክክለኛ ዕድሜው አከራካሪ ነበር። ጉዳዩ ለሥልጠናም ትርጉም አለው፤ በወረቀት ላይ 28 ዓመት የሆነው ሯጭ በእውነት 34 ከሆነ፣ ለወጣት የታሰበው ጫና ለጉዳት ያጋልጠዋል። ስለዚህ ከተጻፈው ዕድሜ ይልቅ የጠዋት የልብ ምት፣ እንቅልፍና የጡንቻ መጨምደድ የበለጠ መረጃ ይሰጣሉ።

የሙያ ዘመንና ገቢ

የጎዳና ሯጭ ገቢ በአብዛኛው ከሽልማትና ከስፖንሰር ውል የሚመጣ ሲሆን ውጤት ሲቀንስ አብሮ ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ ቤተሰብም በዚሁ ገቢ ስለሚተዳደር ሯጩ ጉዳቱን ደብቆ ለመሮጥ ሊገደድ ይችላል። ካልዳነ ጅማት ጋር የተሮጠ አንድ ውድድር ግን ቀሪዎቹን ዓመታት ሊያሳጣ ይችላል። በዚህ ምክንያት በዓመት የሚደረጉ ማራቶኖችን መወሰን የሥልጠናው ዋና አካል ሲሆን፣ ብዙዎቹ ታላላቅ የማራቶን ሯጮች በዓመት ከሁለት እምብዛም አያልፉም።