ቦቃነት፦ የውሻው ነጭ ደረት ምን ይናገራል?

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ውስጥ ግቢ ጠባቂ ቡችላ ሲገዛ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ደረት ላይ ያርፋል። ሻጩ «ንጹሕ ጀርመን ሸፐርድ ነው» ይላል፤ ገዢው በበኩሉ ደረቱ ላይ ያለችውን ነጭ በጣቱ እየነካ «ታዲያ ይቺ ምንድን ናት?» ብሎ ዋጋ ያስወርዳል። ነጭ ካለበት ድቅል ነው ተብሎ ይታመናላ!

ይህን ነጭ የዘረ-መል ባለሙያዎች «ዋይት ስፖቲንግ» ይሉታል። «ነጭ ነጠብጣብ» ቢባል ቀለም የተረጨበት ያስመስለዋል፤ እኔ «ቦቃነት»ን እመርጣለሁ። ከብት አርቢው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን በሬ ቦቃ ይለዋል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪውም ቃሉን ያውቀዋል። ስለዚህ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ሦስት ከተሞች ለጆሮ እንግዳ አይሆንም። ከግንባር አልፎ ደረትን፣ የእግር ጣትንና የጅራት ጫፍን እንዲጨምር ማስፋት ብቻ ነው።

ቦቃ በሆነው ቆዳ ላይ ቀለም ሠሪው ህዋስ፣ ሜላኖሳይት የሚባለው፣ የለም። ህዋሶቹ ውሻው ገና ሽል ሳለ ህብለ ሰረሰር በሚሠራበት የጀርባ መስመር ላይ ይፈጠሩና በሁለቱም ጎን ቁልቁል ይጓዛሉ። ቁጥራቸው ካነሰ ወይም ከዘገዩ፣ የመስኖ ውሃ ከቦዩ የራቀው መደብ ላይ ሳይደርስ እንደሚቀር፣ ሩቆቹ ቦታዎች ባዶ ይቀራሉ፦ ደረት፣ ሆድ፣ ጣቶች፣ የጅራት ጫፍ። ደረት ላይ ያለች ትንሽ ነጭ ንጹሕ ዝርያ በሚባሉትም ላይ ትታያለች። የጀርመን ሸፐርድ ዓለም አቀፍ መለኪያ ራሱ ባይወዳትም ይፈቅዳታል።

ሰፊው ቦቃነት ግን በዘር የሚተላለፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች ቦክሰር ውሾችን አጥንተው ምንጩን በ20ኛው ክሮሞሶም ላይ ካለው ኤምአይቲኤፍ ከተባለው ዘረ-መል ጋር አያይዘውታል። ደረታቸውና እግራቸው በደንብ ነጭ የሆኑ ሁለት ቦክሰሮች ሲዳቀሉ፣ ከቡችሎቹ በአማካይ ሩቡ ከሞላ ጎደል ነጭ ሆነው ይወለዳሉ።

እዚህ ላይ ገዢው ከዋጋ በላይ የሚያስብበት ነገር አለ። ሜላኖሳይት ለውስጠኛው ጆሮም ያስፈልጋል፤ እሱ ከጎደለ ቡችላው በተወለደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መስማት ያቆማል። በአሜሪካ በተደረጉ ምርመራዎች ከአሥር ዳልሜሽያኖች ሦስት ያህሉ ቢያንስ በአንድ ጆሯቸው አይሰሙም። ቡችላው ተኝቶ ሳለ ከኋላው ቁልፍ ማንኳኳት ጥሩ ዘዴ ነው፤ በአንድ ጆሮው የሚሰማውን ግን አያጋልጥም።

ነጭ ሁሉ ግን ቦቃ አይደለም። ሙሉ ነጩን ሸፐርድ ተመልከቱ፤ አፍንጫውና የዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ነው። ህዋሶቹ ሁሉም ቦታ ደርሰዋል፤ ኤምሲ1አር የተባለው ዘረ-መል ስለከሸፈ ብቻ ጠጉሩ ላይ ጥቁር መሥራት አልቻሉም፤ የሚሠሩት ቢጫ ደግሞ እጅግ የሳሳ ነው። ስለዚህ ነጭነቱ ለጆሮው አያሰጋም። በጀርመን ይህ መልክ ከዝርያው መለኪያ ውጭ ተደርጎ ቆየ፤ በስዊዘርላንድ ግን ለብቻው ተረብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 «ነጭ የስዊዝ እረኛ ውሻ» ተብሎ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ሙሉ ዓለም አቀፍ እውቅና አገኘ።

ይህ ባህርይ ተደብቆ ስለሚጓዝ ሁለት ጥቁርና ቡኒ ወላጆች ነጭ ቡችላ ሊወልዱ ይችላሉ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ «በር ተከፍቶ አድሮ ነው» ብሎ የጎረቤቱን ውሻ ይጠረጥራል። ሴት ውሻ በአንድ ጊዜ ከሁለት ወንዶች መፀነስ ስለምትችል ጥርጣሬው ሁሌ ከንቱ አይደለም። ብቻ፣ አባትየው ማንም ይሁን ማን፣ እንዲህ ያለ ነጭ ቡችላ የሚወለደው ድብቁ ዘር ከእናቱም ከመጣ ነው።