ከፍ ዝቅ የሚለው ኮርቻ

በሰፈራችን ሳይክል በደቂቃ ይከራይ በነበረበት ዘመን ኮርቻው ሁልጊዜ በትልቅ ሰው ልክ ነበር። ዝቅ ለማድረግ ቁልፍ ያስፈልጋል። ቁልፉ ያለው አከራዩ ዘንድ ነው፤ እሱ ደግሞ ለ10 ደቂቃ ኪራይ ብሎ ቡሎን አይፈታም። ስለዚህ አንድ እግራችንን በብረቶቹ መሃል አሾልከን፣ ወገባችንን አጣመን እንነዳ ነበር። ኮርቻን ከፍና ዝቅ ማድረግ ቀላል የሚመስለው ያንን ላላየ ሰው ነው። የተራራ ሳይክል ሠሪዎችን ይህችው ጉዳይ ከ30 ዓመት በላይ አድክማቸዋለች።

ታሪኩ የሚጀምረው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን በፌርፋክስ ከተማ አቅራቢያ ነው። በኦክቶበር 1976 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጥቂት ወጣቶች አንድን አቧራማ ቁልቁለት በሰዓት እየተለኩ መውረድ ጀመሩ። መንገዱ ከ3 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ቁልቁለቱ 400 ሜትር ገደማ ነው። ሳይክሎቻቸው አሮጌና ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ነበሩ። ፍሬናቸው የሚይዘው ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ ነው። ታች ሲደርሱ የኋላው ጎማ እምብርት ከመጋሉ የተነሳ ግራሶው ጨሶ ያልቅና ተፈትቶ እንደገና ይሞላል። ቦታው “ሪፓክ” የተባለው በዚሁ ነው፤ እንደገና መሙላት ማለት ነው።

በሪፓክ ግን የኮርቻ ነገር ማንንም አላስቸገረም። ሳይክሎቹ ወደ ላይ የሚሄዱት እየተገፉ ወይም በመኪና ተጭነው ነበርና ኮርቻው አንዴ ዝቅ ብሎ ይታሰራል፤ በቃ። ጣጣው የመጣው ከነዚሁ ወጣቶች አንዱ የነበረው ጋሪ ፊሸርና ጓደኞቹ ካምቢዮ ገጥመው ተራራውን እየነዱ መውጣት ሲጀምሩ ነው። ዳገት ላይ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር ሊዘረጋ ጥቂት እስኪቀረው መድረስ አለበት፤ አለበለዚያ ጭን ይቃጠላል፣ ጉልበት ይታመማል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሰውነት ወደ ኋላና ወደ ታች መሸሽ ይፈልጋል። ከፍ ያለ ኮርቻ መሸሻውን ይዘጋል፤ የፊት ጎማ ድንጋይ ሲመታም ነጂውን በመሪው ላይ አሽቀንጥሮ ይጥለዋል።

የመጀመሪያው መልስ ጣሊያን ውስጥ ቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ሲነገር እንደኖረው፣ የቪቼንሳው ተወዳዳሪ ቱሊዮ ካምፓኞሎ በኖቬምበር 1927 በክሮቼ ዳውኔ ተራራ ላይ በበረዶ መሃል ቆመ። ያኔ ማርሽ ለመቀየር የኋላውን ጎማ አውልቆ ማዞር ግድ ነበር፤ እጁ ደንዝዞ ዳዶውን መፍታት አቃተው። የዚህን ትረካ ዝርዝር የሚጠራጠሩ አጥኚዎች አሉ። ካምፓኞሎ በ1933 ኩባንያውን አቋቁሞ ያለ ቁልፍ የሚፈታውን የጎማ ማሰሪያ ለዓለም ማዳረሱ ግን አያጠራጥርም። አሠራሩ ሁለት ጣት የሚበቃው ነው፦ ማንሻዋ ግማሽ ዙር ስትዞር ከመሃሏ ፈንጠር ያለ ቋጠሮዋ ዘንጉን ስቦ ያጠብቃል።

ይህችው ማንሻ ወደ ኮርቻው ዘንግ መጣች። ቁልፍ መያዝ ቀረ፤ መቆሙ ግን አልቀረም። ተራራው አናት ላይ ወርዶ መፍታት፣ መጫን፣ ማጥበቅ። ዳገቱ ሲመጣ ደግሞ “ከፍታዬ የት ነበር?” ብሎ መለካት፣ አፍንጫው እንዳይጣመም በአንድ ዓይን ማነጣጠር።

እኔ ከሁሉም የምወደው ቀጥሎ የመጣውን ነው። ከሪፓክ ፈጣኖች አንዱ የነበረው ጆ ብሪዝ ከጆሽ አንጄል ጋር ሆኖ በ1980ዎቹ “ሃይት ራይት” የተባለ ጠመዝማዛ ሞላ አወጣ። አንዱ ጫፍ ከዘንጉ፣ ሌላው ከማሰሪያው ቡሎን ጋር ይያያዛል። ማንሻዋን ከፍተህ በክብደትህ ስትጫን ኮርቻው ይወርዳል፤ ስትነሳለት ሞላው ያመጣዋል፣ ያውም ሳይጣመም ቀጥ ብሎ። ኮርቻ ሌባንም ያስቸግር ነበር። ልምድ ያለው ሰው ሳይወርድ ይሠራው ነበር፤ ግን አንድ እጅ ከመሪው ተነስቶ ጭን ሥር መግባት አለበት።

ያንን እጅ ወደ መሪው የመለሰው ድሮፐር ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከሞንታና የወጣው ግራቪቲ ድሮፐር በገመድ የሚሳብ ፒንና ሞላ ነበረው። በ2010 ሮክሾክስ በዘይት ግፊት የሚሠራውን ሪቨርብ አመጣ፤ በ2019 ደግሞ ወደ መሪው የሚሄደው የዘይት ቱቦም ቀርቶ በባትሪ ሆነ። አውራ ጣት ቁልፏን ትጫናለች፣ ነጂው በመቀመጫው ይገፋል፣ ኮርቻው ይሰምጣል። እንደገና ሲጫኗት ብቻውን ይወጣል።

የመንገድ ተወዳዳሪዎች ለዚህ ዕቃ ቦታ አልነበራቸውም። በ2021 የዓለም ብስክሌት ማኅበር ቁልቁለት ላይ ከኮርቻ ወርዶ በላይኛው ብረት ላይ መቀመጥን ለደኅንነት ሲል ከለከለ። በዚያ አቀማመጥ ስሙ የገነነው ስሎቬናዊው ማቴይ ሞሆሪች በቀጣዩ ዓመት ድሮፐር ገጥሞ ለሚላን–ሳንሬሞ ቀረበ። የ293 ኪሎ ሜትሩ ውድድር ሊያልቅ ሲል በፖጆ ቁልቁለት ሁሉንም ጥሎ ወርዶ አሸነፈ።

ታዲያ የትኛው ይገዛ? እኔ መንገዱን አይቼ እፈርዳለሁ። በየ200 ሜትሩ ዳገትና ቁልቁለት በሚፈራረቅበት ጫካ ድሮፐር ያለ ጥርጥር ዋጋውን ያወጣል፤ በየጉብታው የሚቆም ሰው የለም፣ ኮርቻውን ዝቅ ሳያደርግ የሚወርድ ደግሞ ይወድቃል። ግን ዋጋው ውድ ነው፤ ክብደት ይጨምራል፤ የዘይት መከላከያ ጎማው ሲያረጅም መለዋወጫና የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። ሊገዛ የሚወጣም የዘንጉን ውፍረት አስቀድሞ ይለካ፤ 27.2 ሚሊ ሜትር የሆነ አሮጌ ሳይክል ምርጫው ጠባብ ነው።

እንጦጦን የምወጣበት ሳይክሌ እስከ ዛሬ ባለማንሻው ነው። መንገዴ አንድ ረጅም ዳገትና አንድ ረጅም ቁልቁለት ስለሆነ፣ አናቱ ላይ ትንፋሼን ለመሰብሰብ መቆሜ አይቀርም። ማንሻዋን ከፍቼ ዘንጉ ላይ በሚስማር የጫርኳት መስመር እስክትሰወር ኮርቻውን በመዳፌ እጫነዋለሁ። አፍንጫውን ከላይኛው ብረት ጋር አስተካክዬ እዘጋና ቁልቁል ወደ ሽሮ ሜዳ እለቀዋለሁ።