ፒተር ሎሬ፦ የእኩይ ገፀ ባሕርይ ተዋናይና የአንድ መነባንብ ዕጣ

በአገራችን ሲኒማ ቤቶች ተመልካች አነጋገር «አክተር» የሚለው ቃል ተዋናይን ሁሉ አያመለክትም። አክተሩ የፊልሙ ባለድል ነው፤ ተኩሶ የማይስት፣ ተመትቶ የማይሞት። ተንኮሉን የሚሸርበው፣ ተደብቆ የሚወጋው፣ በመጨረሻም የእጁን የሚያገኘው ሰው በዚህ አነጋገር አክተር አይደለም። አነጋገሩ የዋህ ይምሰል እንጂ አስተሳሰቡ ከሥነ ጽሑፍ ክፍላችንም አልጠፋም። ሰናዩን ገፀ ባሕርይ ስንመረምር ውስጡንና ውጣ ውረዱን እንፈልጋለን፤ እኩዩን ግን ብዙ ጊዜ «ግጭቱን ለማስነሳት የገባ» ብለን እናልፈዋለን። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የሥራ ዘመኑን አብዛኛውን በዚህ በሚታለፈው ወገን ቆሞ ያሳለፈውን ፒተር ሎሬን ነው። እኩይ ገፀ ባሕርይ ስለራሱ የመናገር ዕድል ሲሰጠውና ሲነፈገው የሚፈጠረውን ልዩነት የሎሬን ያህል አጉልቶ የሚያሳይ የተዋናይ ታሪክ አላጋጠመኝም። (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሎሬ የተወለደው ጁን 26 ቀን 1904 ዛሬ ስሎቫኪያ በምትባለው አገር፣ በሩዞምቤሮክ ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። ያን ጊዜ አካባቢው በኦስትሪያ-ሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሥር ነበር። የመጀመሪያ ስሙ ላስሎ ሎቨንሽታይን ይባላል። በቪየና አደገ፤ ለጥቂት ጊዜ የባንክ ጸሐፊ ሆነ፤ ከዚያም ያዕቆብ ሞሬኖ ባቋቋመው፣ ያለ ጽሑፍ በቅጽበታዊ ፈጠራ በሚጫወት የቴያትር ቡድን ውስጥ ገባ። ሞሬኖ ቆይቶ ተውኔትን ለአእምሮ ሕክምና በማዋል ስሙ የተጠራ ሰው ነው። ተዋናዩ በብሬስላው፣ በዙሪክና በቪየና መድረኮች ሲዘዋወር ከቆየ በኋላ በ1929 በርሊን ገብቶ ከበርቶልት ብሬሽት ጋር ተገናኘ። ወዳጅነታቸው እስከ ብሬሽት ሕልፈት የዘለቀ ነው።

በ1931 መጀመሪያ ላይ ብሬሽት «ሰው ሰው ነው» የተባለውን ተውኔቱን በርሊን ውስጥ ሲያዘጋጅ ዋናውን ገፀ ባሕርይ ጋሊ ጌይን የተጫወተው ሎሬ ነበር። ጋሊ ጌይ ዓሣ ሊገዛ ከቤቱ የወጣ ተራ ተሸካሚ ነው፤ ወታደሮች አግኝተው፣ ስሙን ቀይረው፣ ፈታትተው እንደገና በመገጣጠም የጦር መሣሪያ ያደርጉታል። አንዳንድ ሐያስያን የሎሬ አነጋገር የተቆራረጠ ነው፣ ሐሳቡ አይያያዝም ብለው ነቀፉት። ብሬሽት ግን በጋዜጣ ላይ ተከላከለለት። የመከራከሪያውም ይዘት ይህ ትወና ገፀ ባሕርዩን አንድ ወጥ ሰው አድርጎ የሚያቀርብ ሳይሆን እርስ በርሱ የሚቃረን ሰው መሆኑን የሚያሳይ ነው የሚል ነበር። ክርክሩን እዚህ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ነቀፌታ ያመጣበት ያ የሚቆራረጥ አነጋገር በዚያው ዓመት በፊልም ላይ ሲሰማ የዓለምን ትኩረት ሳበ።

ፊልሙ ሜይ 11 ቀን 1931 በበርሊን የታየው የፍሪትዝ ላንግ «ኤም» ነው። ርእሱ በጀርመንኛ «ነፍሰ ገዳይ» የሚለው ቃል መነሻ ፊደል ነው። ሎሬ ሕፃናትን አታልሎ እየወሰደ የሚገድለውን ሃንስ ቤከርትን ይጫወታል። መጀመሪያ የምናየው ጥላውን ብቻ ነው፤ ነፍሰ ገዳዩን ለሚጠቁም ሽልማት እንደሚሰጥ በሚናገር ማስታወቂያ ላይ ያርፋል። ከዚያም ፉጨቱን እንሰማለን። ዜማው ኤድቫርድ ግሪግ ለኢብሰን «ፔር ጊንት» ተውኔት ከደረሰው ሙዚቃ የተወሰደ ነው። (ሎሬ ማፏጨት ስለማይችል ያፏጨው ላንግ ራሱ ነው ይባላል።) ገዳዩን ለይቶ የሚያስይዘው ዓይነ ስውር ፊኛ ሻጭ ነው፤ የሚለየውም በዚሁ ፉጨት ነው። ከፊልሙ የሚበዛው ክፍል ሰውዬው ሳይናገር ያልፋል። ጥላ፣ ፉጨት፣ በትከሻው ላይ በጠመኔ የታተመ ፊደል፣ የሚፈጥጡ ትላልቅ ዓይኖች። እስከዚህ ድረስ ቤከርት በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ዝርግ የምንለው ዓይነት ገፀ ባሕርይ ነው።

መጨረሻ ላይ የሚይዙት ፖሊሶች አይደሉም፤ የከተማይቱ ወሮበሎች ናቸው። የፖሊስ አሰሳ በዝቶ ሥራቸው ስለታጐለባቸው ራሳቸው አድነው ይይዙትና በተተወ የአረቄ ፋብሪካ ውስጥ ችሎት ይዘረጉበታል። እዚህ ላይ ነው መነባንቡ የሚመጣው። ቤከርት ተንበርክኮ፣ እየጮኸ፣ ድምፁ እየተሰበረ፣ እነሱ የሚሰርቁትና የሚገድሉት ወደው እንደሆነ፣ እሱ ግን በውስጡ ከሚያሳድደው ነገር ማምለጥ እንደማይችል፣ በየመንገዱ ራሱ ራሱን እንደሚከተለው ይናገራል። ካሜራው ወደ ሰሚዎቹ ሲዞር አንዳንዶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲያዳምጡ እናያለን። ላንግ ነፍሰ ገዳዩን ነፃ አላወጣውም። ፊልሙ የሚያበቃው በሐዘንተኛ እናቶች ነው፤ የሚሰጠው ፍርድ ልጆቻቸውን እንደማይመልስላቸው ይታወቃል። ተመልካቹ ግን ከገባበት ጭንቅ በቀላሉ አይወጣም፤ ሊጠላው የመጣውን ሰው አዳምጦታልና። ሎሬ ሲጫወተው ልመናም፣ ማታለልም፣ እውነተኛ ስቃይም በአንድ ፊት ላይ ይፈራረቃሉ፤ የትኛው እውነት እንደሆነም አይነግረንም። በኔ አስተያየት የዚህ ተዋናይ የኋላ ታሪክ በሙሉ ይህን የመሰለ ንግግር እንደገና የሚያገኝበትን ሚና ፍለጋ ነው።

ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ሎሬ ከጀርመን ወጣ። በ1934 ለንደን ውስጥ ለአልፍሬድ ሂችኮክ ሲሠራ እንግሊዝኛው ገና ደካማ ስለነበረ ከቃለ ተውኔቱ ብዙውን በድምፁ እያጠና ነበር የተናገረው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ገባ። በ1935 በ«ወንጀልና ቅጣት» ፊልም ራስኮልኒኮቭን የመጫወት ዕድል አገኘ። ለዶስቶየቭስኪ ገፀ ባሕርይ ከሱ የተሻለ ተዋናይ ማሰብ ያስቸግራል፤ ዳሩ ግን ፊልሙ በጥድፊያና በቁጠባ የተሠራ ስለሆነ የልቦለዱን ውስጠት አልያዘም። በዚያው ዓመት «ያበደ ፍቅር» በተባለ ፊልም ራሱን ተላጭቶ የሰው እጅ ከሌላ ሰው ጋር የሚቀጥል ሐኪም ሆነ። የፊልም ኩባንያዎቹ የመረጡት ሁለተኛውን መንገድ ነው። ከ1937 እስከ 1939 ሚስተር ሞቶ የተባለ ጃፓናዊ መርማሪ ሆኖ የሠራቸውን ስምንት ፊልሞች አልፋቸዋለሁ። በመካከለኛው አውሮፓ የተወለደ ሰው መነጽር አጥልቆ ጃፓናዊ መሆኑ ያን ዘመን ከሚያስተዛዝቡት ነገሮች አንዱ ነው።

በዚህ መካከል ጀርመን ውስጥ አንድ ነገር ተፈጸመ። ናዚዎች በ1934 «ኤም»ን አግደውት ነበር። በ1940 ግን ፍሪትዝ ሂፕለር ባዘጋጀው «ዘላለማዊው አይሁዳዊ» በተባለ የጥላቻ ፕሮፓጋንዳ ፊልም ውስጥ የሎሬን መነባንብ ቆርጠው አስገቡት። አይሁዳውያን ወንጀለኛን የሚያሳዝን አድርገው እያቀረቡ የሕዝቡን ሥነ ምግባር እንደሚያበላሹ ማስረጃ ይሆን ዘንድ ነው። ላንግ ሰሚ ሰጥቶት የነበረው ንግግር ሰሚዎቹ ተነጥቀው ብቻውን ቀረ። ተዋናዩና ገፀ ባሕርዩ አንድ ሰው ተደረጉ። ስለ ዐውደ ንባብ የምናስተምር ሰዎች ምሳሌ ስንፈልግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ፊልሙ የታየው ደግሞ የሚያወግዛቸው ሰዎች በሚታጐሩበትና በሚገደሉበት ጊዜ ነበር።

ሎሬ በ1941 የአሜሪካ ዜግነት አገኘ። በዚያው ዓመት በጆን ሂውስተን «የማልታ ጭልፊት» ሽቶ የሚቀባውን፣ ጓንት የሚያጠልቀውን፣ በጥፊ የሚመታውን ጆኤል ካይሮን ተጫወተ፤ ከሲድኒ ግሪንስትሪት ጋር በዘጠኝ ፊልሞች መጣመርም ጀመረ። በ1942 በ«ካዛብላንካ» የተሰጠው ኡጋርቴ በፊልሙ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ኡጋርቴ ከናዚ ለሚሸሹ ስደተኞች የመውጫ ፈቃድ በገንዘብ የሚሸጥ ወራዳ ነው። ሎሬ ግን የወራዳውን ፍላጎት አገኘው፦ ዋናው ሰው ሪክ እንዲያከብረው ይፈልጋል። እየተቅለሰለሰ ትንቁኝ ይሆናል ብሎ ይጠይቃል፤ የሚያገኘው መልስ ግን ባስብህ ኖሮ እንቅህ ነበር የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ፖሊስ ሲይዘው በጩኸት የሚለምነው እሱኑ ሪክን ነው። ይህን ጩኸት የሚያሰማው ራሱ ከሂትለር ሸሽቶ የመጣ ስደተኛ መሆኑን ለሚያውቅ ትዕይንቱ ሌላ ክብደት አለው። የ1931ዱ መነባንብ እዚህ ወደ ጥቂት ቃላት ተሰብስቧል።

ገበያው ግን የወሰደው ድምፁን ነው። ለስላሳ፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ የሚጐተተው ያ ድምፅ ለሬዲዮ ቀልደኞች ሁሉ መለማመጃ ሆነ፤ በ1946 በአንድ የካርቱን ፊልም ውስጥ እሱን የሚመስል ክፉ ሳይንቲስት ጥንቸል ሲያሳድድ ታየ። ሰውዬው በሕይወት እያለ የራሱ ቅጂዎች ከሱ ይበልጥ ይታወቁ ነበር። ከወጣትነቱ ጀምሮ ለሕመም ማስታገሻ በወሰደው ሞርፊን ሱስ ተይዞ መኖሩም አልቀረም። በ1946 ከዋርነር ኩባንያ ጋር የነበረው ውል አበቃ፤ በ1949 ዕዳውን መክፈል የማይችል መሆኑን በሕግ አስታወቀ። ከስደት ወደ ምሥራቅ በርሊን የተመለሰው ብሬሽት እንዲመጣ የሚጠራ ግጥም ጻፈለት። ሎሬ ወደ ጀርመን ሄደ፤ የሄደው ግን ወደ ምዕራቡ ነው።

እዚያ በ1951 «የጠፋው ሰው» የተባለውን ፊልም በጽሑፉ ተሳትፎ፣ አዘጋጅቶ፣ ዋናውን ገፀ ባሕርይም ራሱ ተጫወተ። ዶክተር ካርል ሮተ በጦርነቱ ዘመን ለመንግሥት የሚመራመር ሳይንቲስት ነው። እጮኛው የምርምሩን ምስጢር ለጠላት ማሳለፏን ሲሰማ ይገድላታል። መንግሥት ግን ሙያው ስለሚያስፈልገው ወንጀሉን ይሸፍንለታል። የሚያስፈራው ይህ ነው፦ ሊቀጣው የሚመጣ የለም። ጠዋት ወደ ሥራው እንዲመለስ ይነገረዋል። ከጦርነቱ በኋላ በሐሰት ስም በስደተኞች ሰፈር ሐኪም ሆኖ ሲሠራ ያኔ ከምስጢር ፖሊስ ጋር ይሠራ የነበረው ባልደረባው ይመጣበታል፤ ፊልሙም ሁለቱ ሲጠጡ በሚያድሩበት ሌሊት ሮተ በሚያወራው ይተረካል። ሎሬ ሃያ ዓመት ሲፈልገው የነበረውን ንግግር ራሱ ለራሱ ሰጠ ማለት ይቻላል። አሁን ግን ጩኸት የለበትም። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ የደከመ፣ ሲጋራ እያጨሰ የሚናገር ነው። ቤከርት ፍርድ ቤት ነበረው፤ ሮተ የለውም። ስለዚህ ሲነጋ ባልደረባውን ተኩሶ ይገድላል፤ ከዚያም በባቡር ሐዲድ ላይ ቆሞ የሚመጣውን ባቡር ይጠብቃል። በ«ኤም» ሕዝቡ በአንድ ነፍሰ ገዳይ ላይ ይፈርዳል፤ በዚህኛው ነፍሰ ገዳዩ ዝም ባለ ሕዝብ መካከል ይኖራል። ሎሬን የማደንቀው ከሁሉ በላይ ለዚህ ፊልም ነው።

ጀርመኖች አላዩትም። የጦርነቱን ዘመን ለመርሳት በሚሹበት ወቅት የቀረበው ፊልም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሲኒማ ቤቶች ወረደ። ሎሬ በ1952 አሜሪካ ተመለሰ። ሰውነቱ ወፍሮ፣ ፊቱ አብጦ፣ በየፊልሙ አጫጭር ሚናዎችን ወሰደ። በ1954 በቴሌቪዥን ከጄምስ ቦንድ ጠላቶች የመጀመሪያውን ተጫወተ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከቪንሰንት ፕራይስና ከቦሪስ ካርሎፍ ጋር በሠራቸው አስፈሪ ፊልሞች በራሱ የቀድሞ ምስል ላይ ይቀልድ ነበር፤ በ1963 ወደ ቁራነት የተለወጠ ጠንቋይ ሆኖ ተመልካቹን አስቋል። ማርች 23 ቀን 1964 በ59 ዓመቱ ሞተ። ሁለተኛ ፊልም አላዘጋጀም።