ከእርሳስ ቱንቢ እስከ ሶናር፦ በካያክ ጥልቅ ውሃ የማጥመድ ታሪክ

የአሌውት ደሴቶች ከአላስካ ልሳነ ምድር ተነሥተው በፓስፊክ ውቅያኖስና በቤሪንግ ባሕር መካከል ወደ ምዕራብ 1,900 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋሉ። ነፋሱ የሚበረታባቸው፣ ጭጋግ የማይለያቸው፣ ለጀልባ የሚሆን ዛፍ የማይበቅልባቸው ደሴቶች ናቸው። የደሴቶቹ ተወላጆች ኡናንጋን ይባላሉ። ምግባቸውም ልብሳቸውም ከባሕር የሚገኝ በመሆኑ፣ ሌላው ዓለም ካያክ ብሎ የሚያውቀውን ጠባብና ረጅም የቆዳ ጀልባ ከማንም በላይ አራቅቀው ሠርተውታል። ወንዶቹ ማዕበል ከሩቅ አገር ገፍቶ ያመጣውን ግንድ ከባሕር ዳር ለቅመው ይጠርባሉ፤ ቀጫጭኑን እንጨት በጅማት እያሰሩ የጀልባውን አጽም ያቆማሉ። ሴቶቹ ደግሞ የባሕር አንበሳ ቆዳ ውሃ በማያሳልፍ ስፌት ሰፍተው ያለብሱታል። አጽሙ በምስማር ሳይሆን በጅማት ስለተያያዘ ከማዕበሉ ጋር ይተጣጠፋል እንጂ አይሰበርም። ቀዛፊው ወገቡን ከጀልባው አፍ ጋር በቆዳ ሸብቦ ስለሚቀመጥ፣ ማዕበል ቢያለብሰውም ውሃ ወደ ውስጥ አይገባበትም።

በዚህ ጀልባ ከሚጠመዱት ዓሦች ትልቁ ሃሊበት ነው። ሃሊበት ጠፍጣፋ ነው፤ ከባሕሩ ወለል ላይ ተለጥፎ ይኖራል፤ ትልልቆቹ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናሉ። ኡናንጋኖች ከእንጨትና ከአጥንት የተገጠመ መንጠቆ ይሠሩለት ነበር። ገመዱ ደግሞ ኬልፕ ከሚባለው የባሕር ዕፅ ረጅም ግንድ ይዘጋጃል፤ ግንዱ ደርቆ ተቀጣጥሎ ሲታሰር እስከ ታችኛው ወለል የሚደርስ ጠንካራ ገመድ ይወጣዋል። ከሁሉ የሚከብደው ዓሣው ከተያዘ በኋላ ያለው ሥራ ነበር። እንዲህ ያለ ጉልበተኛ ፍጥረት በሕይወቱ እያለ ጠባቧ ጀልባ አጠገብ ከተንፈራገጠ ሁሉንም ይገለብጣል። ስለዚህ ወደ ላይ እንደ ወጣ ጭንቅላቱን በዱላ መምታት ግድ ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ብዙ አይቆይምና፣ ይህ ሙያ ከልጅነት ጀምሮ በጥብቅ ሥርዓት የሚሠለጠኑበት ነበር።

በቪቱስ ቤሪንግ የተመራው የሩሲያ ጉዞ በ1741 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በሹማጊን ደሴቶች አጠገብ እነዚህን ቀዛፊዎች አገኘ። ከቤሪንግ ጋር የነበረው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጌኦርግ ሽቴለር ጀልባዎቻቸውን በጽሑፍ ገልጿል። ተከትለው የመጡት የጠጉር ነጋዴዎች ግን ጀልባውንም ባለ ጀልባውንም ለጥቅማቸው አዋሉ። ኡናንጋኖች የባሕር ኦተር የተባለውን ባለ ጠጉር እንስሳ በግዳጅ እንዲያድኑ ተደረጉ፤ በበሽታና በግፍ ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆለቆለ። አላስካ በ1867 ለአሜሪካ ተሸጠች። በ1911 የጠጉር እንስሳትን ለመጠበቅ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት የኦተር አደን ሲቆም፣ የቆዳው ካያክ ዋና ሥራውን አጣ። በ1942 ጃፓን ደሴቶቹን ስታጠቃ የአሜሪካ መንግሥት ነዋሪዎቹን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አላስካ ካምፖች አጋዘ፤ ብዙዎችም በዚያው አለቁ። ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው የጀልባ ሥራና የማጥመድ ዕውቀት በእጅጉ የተጎዳው በእነዚህ 200 ዓመታት ነው።

ጥልቅ ውሃ ላይ የሚያጠምድ ሰው ሁሉ ሁለት ጥያቄ አለበት፦ ወለሉ ምን ያህል ይርቃል? ምን ዓይነትስ ነው? በጣና ሐይቅ ላይ በደንገል ታንኳ የሚያጠምድ ሰው ይህ ብዙም አያስጨንቀውም፤ የሐይቁ ከፍተኛ ጥልቀት 14 ሜትር ገደማ ነውና። በውቅያኖስ ላይ ግን መልሱ የሚገኘው ግንበኛ ግድግዳ በሚያስተካክልበት ዓይነት ቱንቢ ነበር። እርሳስ በገመድ ታስሮ ይወርዳል፤ ወለሉን ሲነካ ገመዱ ይላላል፤ የወረደው ገመድም በክንድ እየተሰፈረ ይቆጠራል። ዘዴው እጅግ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሄሮዶቱስ፣ ከግብፅ ዳርቻ የአንድ ቀን ጉዞ ርቆ ቱንቢ የጣለ መርከበኛ ጭቃ እንደሚያወጣ ጽፏል። መርከበኞች በእርሳሱ ታች ጎድጓዳ አበጅተው ሞራ ይሞሉበት ነበር፤ አሸዋም ሆነ ዛጎል ሞራው ላይ ተጣብቆ ሲወጣ የወለሉን ዓይነት ይናገራል። ሞራው ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ግን ወለሉ ዓለት ነው። አጥማጁ ዓሣ ያገኘበትን ቦታ ደግሞ በምድር ምልክት ይይዘዋል፤ አንዱን ተራራ ከአንዱ ቋጥኝ ጋር አሰልፎ፣ በሌላ አቅጣጫ ሁለተኛ መስመር ሲያገኝ፣ መስመሮቹ የሚቋረጡበት ነጥብ የእሱ ምስጢር ይሆናል።

ቱንቢን የተካው የገደል ማሚቶ ነው። ድምፅ በውሃ ውስጥ በፍጥነት እንደሚጓዝ በ1826 በጄኔቫ ሐይቅ በተደረገ ሙከራ ታወቀ። ዣን ዳንኤል ኮላዶንና ሻርል ስቱርም በሁለት ጀልባ ተለያይተው፣ አንዱ በሌሊት ውሃ ውስጥ ያለ ደወል ሲመታ በዚያው ቅጽበት ባሩድ ይለኮሳል፤ ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለው ሌላው ብልጭታውን አይቶ ድምፁ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ያገኙት ፍጥነት በሴኮንድ 1,435 ሜትር ነበር፤ ድምፅ በአየር ከሚጓዝበት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ፍጥነቱ ከታወቀ፣ ድምፅ ወደ ታች ልኮ እስኪመለስ መቁጠር ጥልቀትን መለካት ነው፤ ሶናር የሚባለው ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው።

ሐሳቡ ወደ መሣሪያ የተለወጠው ግን ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ታይታኒክ የተባለው መርከብ በ1912 ከበረዶ ግግር ጋር ተጋጭቶ ከሰጠመ ወዲህ ነው። ጀርመናዊው አሌክሳንደር ቤም የበረዶ ግግርን በድምፅ ለማግኘት ሲጥር ለጥልቀት መለኪያ የሚሆን ዘዴ ላይ ደረሰና በ1913 የባለቤትነት መብት አገኘበት። ካናዳዊው ሬጂናልድ ፌሰንደን በ1914 ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከነበረ የበረዶ ግግር ማሚቶ ተቀበለ። የአንደኛው ዓለም ጦርነት ሰርጓጅ መርከቦች ደግሞ ፈረንሳዊውን ፖል ላንዥቫንን ወደ ኳርትዝ መሩት። ኳርትዝ ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ ዣክና ፒየር ኩሪ በ1880 ደርሰውበት ነበር፤ የፒየር ተማሪ የነበረው ላንዥቫን ነገሩን ገልብጦ፣ ለኳርትዙ ኤሌክትሪክ ሰጥቶ በማንቀጥቀጥ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ውሃ ላከ። ዛሬ በካያክ ሆድ ሥር የሚገጠመው ድምፅ ላኪና ተቀባይ የዚያ ሥራ ቀጥተኛ ልጅ ነው።

ዓሣ መጀመሪያ የመጣው እንደ እንቅፋት ነው፤ በመርከብና በወለል መካከል ያልተጠበቀ ማሚቶ ይታይ ነበር። ኖርዌያዊው ኦስካር ሱንድ በ1935 በሎፎተን ደሴቶች አጠገብ ለመራባት የተሰበሰቡ የኮድ ዓሦችን የድምፅ ምስል አሳተመ። በሁለተኛው ዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተመራማሪዎች በጥልቅ ባሕር መሐል ሁለተኛ ወለል የሚመስል ንጣፍ አዩ። ይህ ንጣፍ ቀን ወርዶ ሌሊት ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ዓለት ሳይሆን ሕይወት ያለው የፍጥረታት ክምችት መሆኑ የታወቀውም በዚህ እንቅስቃሴው ነው። ዓሣ ማሚቶ የሚመልስበት ዋና ምክንያት በሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ነው። የዓሣ ሥጋ ከውሃ ብዙም ስለማይለይ ድምፅ ያሳልፋል፤ አየር ግን ድምፅን አንጥሮ ይመልሳል።

ይህን ዕውቀት ለተራው አጥማጅ ያደረሱት የባሕር ኃይሎች አይደሉም። በጃፓን ናጋሳኪ አውራጃ ለዓሣ ጀልባዎች የኤሌክትሪክ መብራት ይገጥም የነበረው ኪዮታካ ፉሩኖ፣ የዓሣ መንጋ ካለበት አረፋ እንደሚወጣ ከአንድ አዛውንት አጥማጅ ሰማ። አረፋ ድምፅ ይመልሳል ብሎ አሰበ፤ ከጦርነቱ የተረፈ የባሕር ኃይል መሣሪያ ይዞ ከወንድሙ ጋር ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1948 በዓለም የመጀመሪያውን ለገበያ የቀረበ ዓሣ ጠቋሚ አወጣ። አጥማጆቹ መጀመሪያ አላመኑትም፤ የለወጣቸው በጎቶ ደሴቶች የታየው የተትረፈረፈ ምርት ነው። የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት ከአንድ አዛውንት የዓመታት ትዝብት መነሣቱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚደነቅ ነው። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ደግሞ የሎውራንስ ቤተሰብ በ1957 ተነሥቶ፣ በትራንዚስተር የሚሠራና አንድ ሰው በእጁ አንጠልጥሎ የሚሄደውን አረንጓዴ ሣጥን ለመዝናኛ አጥማጆች አቀረበ። የዚያ ሣጥን ገጽ ክብ ነበር፤ የሚሽከረከር መብራት በጥልቀቱ ቁጥር ላይ ብልጭ ይላል። በኋላ ማሚቶውን በወረቀት ላይ የሚስል መጣ፤ በ1980ዎቹም የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን ተተካ።

ጀልባውም በበኩሉ ተለወጠ። በ1971 በካሊፎርኒያ ማሊቡ ቲም ኒሚየር ሰው በላዩ እንጂ በውስጡ የማይቀመጥበትን ካያክ ሠራ። ቢገለበጥ ውሃ አይሞላም፤ ባለቤቱ ተመልሶ ሊወጣበት ይችላል፤ ዓሣና ዕቃ ለመጫንም ይመቻል። ይኸው አሠራር በፕላስቲክ በብዛት ሲመረት ባሕር ዳር የሚኖር ሁሉ አቅሙ የሚደርስበት ሆነ። በ1997 ሆቢ የተባለው ድርጅት በእግር የሚረገጥ መንጃ ሲያወጣ አጥማጁ እጁን ለመንጠቆው ነጻ አገኘ። ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለስክሪኑ ቀኑን ሙሉ ይበቃዋል።

ጀማሪ በመጀመሪያ የሚስተው ስክሪኑን እንደ መስኮት ማየቱ ነው። ስክሪኑ የሚያሳየው ቦታን ሳይሆን ጊዜን ነው። በቀኝ ጠርዝ ያለው የአሁኑ ማሚቶ ነው፤ ወደ ግራ ያለው ሁሉ ያለፈ ነው። ካያኩ ከቆመ፣ ከሥሩ የቆመ አንድ ዓሣ ረጅም መስመር ይስላል፤ በእንቅስቃሴ ላይ ከሆነ ያው ዓሣ ቅስት ይሆናል። ድምፁ እየሰፋ የሚወርድ ስለሆነ 20 ዲግሪ ስፋት ያለው ጨረር 60 ሜትር ላይ ሲደርስ 21 ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ስለዚህ የታየው ዓሣ ከጀልባው ሥር ላይሆን ይችላል። ባለ 200 ኪሎኸርዝ ድምፅ ጠባብና ጥርት ያለ ሲሆን፣ ለጥልቁ ግን ባለ 50 ኪሎኸርዙ ይሻላል። ጠንካራ ወለል ደማቅና ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ማሚቶ ያለው መስመር ይሰጣል፤ ጭቃ ደግሞ ደብዛዛ ነው። ሞራ የተቀባው ቱንቢ ይናገረው የነበረውን አሁን ይህ መስመር ይናገራል። መሣሪያው በራሱ የሚስላቸው የዓሣ ሥዕሎች ግን አይታመኑም፤ ለሚንሳፈፍ ዕፅም ዓሣ ይስላልና ማጥፋቱ ይበጃል።

ከስክሪኑ ይልቅ የሚከብደው መንሳፈፉ ነው። ካያክ ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይነዳዋል፤ እርሳሱ ወለል እስኪደርስ ጀልባው ከቦታው ይርቃል። ልምድ ያለው አጥማጅ ዓሣው ያለበትን ጉብታ አልፎ ወደ ነፋሱ ይቀዝፋል፤ ገመዱን ቀድሞ ይጥልና ተንሳፍፎ ይመጣበታል። ጃንጥላ የመሰለ የውሃ ማዘግያም ፍጥነቱን ይቀንስለታል። ሃሊበት ደግሞ የአየር ከረጢት የለውም፤ ከወለሉም ብዙ ጊዜ አይነሣም። ኡናንጋኖች ያሳድዱት የነበረውን ይህን ዓሣ ዘመናዊው መሣሪያ እንኳ በወጉ አያሳየውም፤ የሚያሳየው ሃሊበት ሊኖርበት የሚችለውን አሸዋና ተዳፋት ነው። የቀረው የአጥማጁ ዕውቀት ነው።

የአየር ከረጢት ያላቸው ዓሦች ከጥልቅ ሲወጡ ሌላ ችግር ይመጣል። ግፊቱ ሲቀንስ በከረጢታቸው ያለው አየር ይነፋል፤ ሆዳቸው ያብጣል፤ ዓይናቸው ይወጣል። እንዲህ ሆነው ቢለቀቁ ተንሳፍፈው ይሞታሉ እንጂ አይወርዱም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ክብደት ባለው መያዣ ወደ ነበሩበት ጥልቀት መልሶ ማውረድ። በሜክሲኮ ሰላጤ የአሜሪካ ውሃ የድንጋይ ሪፍ ዓሦችን የሚያጠምድ ሁሉ ይህን የማውረጃ ዕቃ ወይም አየሩን የሚያስተነፍስ መርፌ ለሥራ ዝግጁ አድርጎ እንዲይዝ በጃንዋሪ 2022 በሥራ ላይ የዋለ ሕግ አስገድዷል። ሕግ በሌለበት ባሕርም ቢሆን ጥልቁን ማየት የቻለ አጥማጅ ይህን ዕቃ ሳይዝ መውጣት የለበትም።