ግራኙ፣ ፈሪውና የጋለሞታዋ ልጅ

በአገራችን «ዘመነ መሳፍንት» (እ.ኤ.አ. 1769-1855) የሚለው ስያሜ የተወሰደው ከብሉይ ኪዳኑ መጽሐፈ መሳፍንት ነው። የመጽሐፉ የዕብራይስጥ ስም «ሾፍጢም» ሲሆን ፈራጆች እንደማለት ነው። የሚገርመው ከነዚህ ፈራጆች መካከል በዛሬው መመዘኛ ለሹመት የሚታጭ ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ ነው።

ብንያማዊው ናዖድ ግራኝ ነበር (ብንያም ማለት «የቀኝ እጅ ልጅ» መሆኑን ልብ ይሏል!)። ሰይፉን በቀኝ ጭኑ ደብቆ የሞዓብን ንጉሥ ዔግሎምን የገደለው ግብር አስረክቦ ሲያበቃ ነው። ጌዴዎን ምድያማውያንን ፈርቶ ስንዴውን በወይን መጥመቂያ ውስጥ ይወቃ ነበር። የ900 የብረት ሠረገላ አዛዡን ሲሣራን የጨረሰችው ደግሞ ኢያዔል ናት፤ በድንኳን ካስማ።

እንደ ሕግ ሰው እኔን የሚስበኝ ግን ገለዓዳዊው ዮፍታሔ ነው። እናቱ ጋለሞታ ስለነበረች ወንድሞቹ «ከአባታችን ቤት አትወርስም» ብለው አባረሩት። (የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ልጅ እኩል መብት ይሰጠዋል፤ ዮፍታሔ ግን የሚከስበት ችሎት አልነበረውም።) ጦብ በሚባል አገር ወሮበሎችን ሰብስቦ ሲኖር አሞናውያን ተነሱ። ያኔ የገለዓድ ሽማግሌዎች ደጅ ጠኑት።

ዮፍታሔ ወዲያው እሺ አላለም። መጀመሪያ ያቀረቡለት የጦር አዛዥነት ነበር። «ስትጠሉኝና ስታባርሩኝ ኖራችሁ ዛሬ ሲጨንቃችሁ ትመጣላችሁ?» አላቸው። ስለዚህ በሁሉም ላይ አለቃ ሊያደርጉት እግዚአብሔርን ምስክር ጠርተው ቃል ገቡ። ነገሩንም በምጽጳ በይፋ አጸናው። በበኩሌ ከዚህ የተሻለ የውል ድርድር በጥንት ጽሑፍ አላነበብኩም።

ወሮበላ የተባለው ሰው ሰይፍ ከመምዘዙ በፊትም ተከራከረ። ለአሞን ንጉሥ በላከው መልእክት መሬቱ የተወሰደው ከአሞን ሳይሆን ከአሞራውያን ንጉሥ ከሴዎን መሆኑን ዘረዘረ። አክሎም «እስራኤል 300 ዓመት ሲቀመጥበት ለምን ዝም አላችሁ?» አለ። ዛሬ ይህን የይርጋ መቃወሚያ እንለዋለን። ንጉሡ አልሰማውም።

ዮፍታሔ ድል አደረገ። ነገር ግን ሳያስብ የተሳለው ስለት አንዲት ልጁን አስከፈለው። ቀጥሎ የራሱ ወገን ኤፍሬም «ለምን አልጠራኸንም?» ብሎ ተነሳበት። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው አላፊውን ሁሉ «ሺቦሌት በል» ይሉት ነበር። አፉ አልታዘዝ ብሎት «ሲቦሌት» ያለ ይታረዳል። መጽሐፉ የሟቾቹን ቁጥር 42 ሺሕ ያደርሰዋል።