ቀኖና፦ በጌም ተጫዋቾች አፍ

ቀኖና ከግሪክ መጥቶ በግእዝ በኩል የገባ ቃል ነው። ሥርዓት ማለት ነው፤ ንስሐ አባት የሚሰጡት ቅጣትም ቀኖና ይባላል። የትኞቹ መጻሕፍት ከቅዱሳት መጻሕፍት እንደሚቆጠሩ የሚወስነውም ያው ቀኖና ነው። የቪዲዮ ጌም ተጫዋቾች «ካነን» የሚሉት ከዚህ ከመጨረሻው ፍቺ የመጣ ነው፦ በታሪኩ ዓለም ውስጥ በእርግጥ እንደሆነ የሚቆጠር ነገር።

የፊንላንዱ ሬመዲ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 «አለን ዌክ»ን፣ በ2019 ደግሞ «ኮንትሮል»ን አወጣ። በ«ኮንትሮል» ተጫዋቹ የአንድ ምስጢራዊ መሥሪያ ቤት ሰነዶችን ሲያገላብጥ የደራሲው የአለን ዌክ መጥፋት ተመዝግቦ ያገኛል። እንደ ቀልድ ሊታለፍ ይችል ነበር። በ2020 የወጣው ተጨማሪ ክፍል ግን ሁለቱን ታሪኮች በግልጽ አገናኛቸው። የመሥሪያ ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ አህቲም መወልወያውን ይዞ በ2023ቱ «አለን ዌክ 2» ብቅ አለ። ይህ ቀኖና ነው።

በዚሁ በ«አለን ዌክ 2» የሚታየው መርማሪ አሌክስ ኬሲስ? ፊቱ የጌሙ ደራሲ የሳም ሌክ፣ ድምፁ የተዋናዩ የጄምስ ማካፍሪ ነው፤ ሬመዲ ሠርቶት በ2001 የወጣው ጌም ጀግና ማክስ ፔይንም የእነዚሁ የሁለቱ ፊትና ድምፅ ነበረው። የማክስ ፔይን ባለመብት ግን ሬመዲ ሳይሆን ሮክስታር ነው። ስለዚህ ስሙ አይነሳም፤ መልኩ ብቻ ይታያል። እኔ ይህንን ጥቅሻ እለዋለሁ (ደግሞም ከቀኖናው ይልቅ የሚጥመኝ እሱ ነው)። «ኬሲ ማለት ማክስ ፔይን ነው» ብሎ የሚከራከር ከገጠማችሁ፣ ጥቅሻውን በትክክል አይቷል፤ ቀኖና ግን አይደለም በሉት።